ነጥቡ ለምን እዚያ ጋ ያርፋል?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «መምህር፣ ልጄን አስርዮሽ ማባዛት ላስጠናው ቁጭ ብዬ ራሴ ተምታታብኝ። 2.5ን በ0.48 አባዝቶ 0.012 አመጣ። ነጥብ ቆጥሬ ነው ይላል። እኔም ስቆጥር ሦስት ቤት ነው፣ ልክ ነው። ካልኩሌተሩ ግን 1.2 ይላል። ሌላው ደግሞ 0.4 በ0.3 እንዴት 0.12 ይሆናል? ስናባዛ መብዛት አልነበረበትም እንዴ? ስንደምር ነጥብን በነጥብ ስር እናደርጋለን፣ ስናባዛስ ለምን አናደርግም? እባክዎ እንደ ሕፃን ያስረዱኝ።»

እህቴ፣ ጥያቄሽ ሦስት ይመስላል እንጂ ሥሩ አንድ ነው። ልጅሽ ደግሞ ሰነፍ አይደለም። የተማረውን ሕግ ተጠቅሟል፣ የሳተው ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው። ከእሱ እንጀምር፣ ቀላሉ እሱ ነው።

ምን እንዳደረገ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ነጥቦቹን ለጊዜው ረሳቸው፣ 25ን በ48 አባዛ፣ 1200 አገኘ። እስከዚህ ጎበዝ። ከዚያ መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለት ዜሮዎች አየና ዋጋ የላቸውም ብሎ ሰረዛቸው። አስርዮሽ ላይ መጨረሻ ያለ ዜሮ ዋጋ የለውም ተብሎ ተምሯል፣ እውነትም ነው፣ 1.50 እና 1.5 አንድ ናቸው። ችግሩ 1200 ላይ ገና ነጥብ አልገባም። ነጥብ ሳይገባ ዜሮዎቹን ስትሰርዢ አንድ ሺህ ሁለት መቶ የነበረው አስራ ሁለት ይሆናል፣ መቶ እጥፍ ወረደ ማለት ነው። እሱ ግን ልብ አላለም፣ 12 ላይ ሦስት ቤት ቆጠረና 0.012 አለ።

ትክክለኛው መንገድ 1200ን ከነዜሮው ይዞ ከቀኝ ሦስት ቤት መቁጠር ነው። 1.200 ይሆናል። አሁን ዜሮዎቹን መሰረዝ ይቻላል፣ 1.2 ይቀራል። ካልኩሌተሩ ያለሽም ያንኑ ነው። ካልኩሌተር ዜሮዎቹን ሰርዞ ስለሚያሳይ «ሦስት ቤት ያልነው የት ሄደ?» ያሰኛል እንጂ ቤቶቹ አልጠፉም።

ስለዚህ ሌላ ምንም ባታነቢ ይቺን ያዢ፦ መጀመሪያ ቁጠሪ፣ ቀጥሎ ነጥቡን አስቀምጪ፣ ዜሮ መሰረዝ የመጨረሻ ሥራ ነው።

ግን እዚህ ላይ ብተውሽ ነገ ሌላ ጥያቄ ይዘሽ ትመጫለሽ። ልጁን የጎዳው ዜሮው ብቻ አይደለም። መልሱን አይቶ አለመደንገጡ ነው። 0.48 ግማሽ ለመሆን ትንሽ የቀረው ቁጥር ነው። የ2.5 ግማሽ ስንት ነው? 1.25። እንግዲያው መልሱ 1.25 አካባቢ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ መሆን አለበት። ይህን ቀድሞ ቢያስብ ኖሮ 0.012 ሲመጣ እርሳሱን ያስቀምጥ ነበር። እኔ ክፍል ውስጥ ግምት ሳይጽፍ ነጥብ የሚቆጥር ተማሪ ካየሁ አስቆመዋለሁ። ይጠሉኛል፣ ግን ይጠቅማቸዋል።

ግምት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስልሽ። ቁጥሩን ለአእምሮ ወደሚመች ጎረቤቱ ማጠጋጋት ነው። 3.27ን 3 በይው፣ 4.6ን 5 በይው፣ 15 አካባቢ ነው በይ፣ አለቀ። ከዚያ አባዢ። 327 በ6፣ 1962። 327 በ40፣ 13080። ድምሩ 15042። ነጥቡ የት ይግባ? ሳትቆጥሪም ታውቂዋለሽ። 1.5042 ለ15 በጣም አነሰ፣ 150.42 በጣም በዛ፣ 15.042 ነው። አሁን ቁጠሪ፣ 3.27 ሁለት ቤት፣ 4.6 አንድ ቤት፣ ሦስት። ልክ ነው። ሁለቱ መንገዶች ሲስማሙ ልብሽ ያርፋል። ካልተስማሙ አንዱ ጋ ጥፋት አለ፣ መልሱን ለማንም ከማሳየትሽ በፊት ፈልጊው።

አሁን ወደ 0.4 በ0.3። «መብዛት አልነበረበትም እንዴ?» ያልሽው የብዙ ሰው ጥያቄ ነው፣ ትልቅ ሰውም ይጠይቀኛል። በኔ እምነት ግማሹ ጥፋት የቃሉ ነው። ማባዛት የሚለው ቃል ውስጥ መብዛት አለ። በልጅነታችን ያባዛነው ሁሉ ደግሞ እውነትም ይበዛ ነበር፣ ሦስት ጊዜ አራት አስራ ሁለት፣ ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ ስድስት። ከአንድ የሚያንስ ቁጥር አጋጥሞን አያውቅማ። ስለዚህ ጭንቅላታችን «ማባዛት ያበዛል» የሚል ሕግ ለራሱ አወጣ። ማንም አላስተማረንም፣ ግን ሁላችንም ተምረነዋል።

ይህን አድርጊ። 8ን በ3 አባዢ፣ 24። በ2፣ 16። በ1፣ 8። እዚህ ላይ ቆም በይ። በ1 ስታባዢ አልበዛም፣ አላነሰምም፣ ባለበት ነው። ድንበሩ ይሄ ነው። ከድንበሩ ወዲህ ስትመጪስ? 8 በ0.5፣ 4። 8 በ0.25፣ 2። ቁልቁል ነው የሚሄደው፣ መሄድም ያለበት ቁልቁል ነው። በ1 ስታባዢ 8 ከሆነ ከ1 በሚያንስ ቁጥር ስታባዢ ከ8 መብለጥ ከየት ያመጣዋል?

«ጊዜ» የምትለዋ ቃልም እዚህ ጋ አትረዳም። «ዜሮ ነጥብ ሦስት ጊዜ ዜሮ ነጥብ አራት» ስትይ ለጆሮም ይጎረብጣል፣ ምንም ነገር ዜሮ ነጥብ ሦስት ጊዜ አይደረግምና። ስለዚህ ልጁን በሌላ አማርኛ አናግሪው። «ከ0.4 ላይ ሦስት አስረኛውን ውሰድ» በይው። አንድ ነገር ከአስር ቦታ ተከፍሎ ሦስቱን መውሰድ ማለት ነው። ከትንሽ ነገር ላይ ቆርሶ መውሰድ። ቆርሶ የወሰደው ከነበረው ሊበልጥ አይችልም፣ ይህን ማንም ልጅ ያውቃል።

አሁንም ካልገባው ወረቀት አምጪ። ካሬ ካሬ የተሰመረበት ደብተር ካለ በጣም ጥሩ። ቁመቱ አስር ካሬ፣ ወርዱ አስር ካሬ የሆነ አንድ ትልቅ ካሬ አስምሪ። ይህ ትልቁ ካሬ 1 ነው በይው። ውስጡ መቶ ትንንሽ ካሬዎች አሉ፣ እያንዳንዳቸው አንድ መቶኛ ናቸው። ከአስሩ ቋሚ መደዳዎች አራቱን ሰማያዊ ይቀባ። ይህ 0.4 ነው። ቀጥሎ ከአስሩ አግድም መደዳዎች ሦስቱን ቢጫ ይቀባ፣ ሰማያዊው ላይም ሲደርስ ሳይፈራ ይደርብበት። ይህ 0.3 ነው። ሁለቱ ቀለሞች የተደራረቡበት ጥግ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ያንን ይቁጠር። አራት በሦስት፣ አስራ ሁለት። ከስንት? ከመቶ። አስራ ሁለት መቶኛ፣ 0.12።

ይህን ሥዕል አንድ ጊዜ በገዛ እጁ የቀባ ልጅ 0.4 በ0.3 «1.2 ነው» አይልም፣ 1.2 ከትልቁ ካሬ እንኳ ውጭ የሚወጣ ነገር ነውና። አንቺም ብትቀቢ አልፈርድብሽም።

ሥዕሉ ላይ ሌላም ነገር አለ። አራቱ አስረኛ ነበሩ፣ ሦስቱም አስረኛ ነበሩ፣ ሲገናኙ ግን መቶኛ ወለዱ። አስረኛን ከአስር ስትከፍይው መቶኛ ነው የሚሆነው። የነጥብ ቆጠራው ሕግ ከዚህ ነው የመጣው። አስረኛ በአስረኛ፣ መቶኛ። አስረኛ በመቶኛ፣ ሺህኛ። መቶኛ በመቶኛ፣ አስር ሺህኛ። አንድ ቤትና አንድ ቤት ሁለት ቤት፣ አንድ ቤትና ሁለት ቤት ሦስት ቤት፣ ሁለትና ሁለት አራት። የምንቆጥረው ቤት የሚደመረው ለዚህ ነው እንጂ ሕጉን ከሰማይ ያወረደው ሰው የለም።

እዚህ ላይ ስለ አነባበብ አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ጉዳት ያየሁበት ስለሆነ። 0.12ን ሁላችንም «ዜሮ ነጥብ አስራ ሁለት» ብለን እናነባለን። ልጁ የሚሰማው አስራ ሁለትን ነው። 0.4ን «ዜሮ ነጥብ አራት» ይለዋል። አስራ ሁለት ከአራት ይበልጣል፣ ስለዚህ 0.12 ከ0.4 ይበልጣል ብሎ ይደመድማል። ከዚያ «አየሽ፣ በዝቷል» ይልሻል! ቢያንስ ሲለማመድ «ዜሮ ነጥብ አንድ ሁለት» ወይም «አስራ ሁለት መቶኛ» ብሎ እንዲያነብ አድርጊው። ንጽጽሩ እንዲጠራለት ደግሞ 0.4ን 0.40 ብሎ ይጻፈው። አርባ መቶኛ ነበር፣ አስራ ሁለት መቶኛ ቀረ። አነሰ።

ሕጉን በሌላ በኩል ማየት ለሚፈልግ፣ በተለይ ሥዕል ለማይወድ ትልቅ ሰው፣ እኔ ብድር እለዋለሁ። 2.5ን 25 ስታደርጊው በ10 አባዝተሽዋል። ዝም ብለሽ ነጥብ አልደመሰስሽም፣ አስር እጥፍ ተበደርሽ። 0.48ን 48 ስታደርጊው ደግሞ መቶ እጥፍ ተበደርሽ። ጠቅላላ ዕዳሽ አስር በመቶ፣ ሺህ እጥፍ። በተበደርሽው ቁጥር ሠርተሽ 1200 አገኘሽ። አሁን ዕዳው ይከፈል፣ 1200 ለ1000 ሲካፈል 1.2። ነጥቡን ሦስት ቤት ወደ ግራ መውሰድ ማለት ለሺህ ማካፈል ማለት ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ልጅሽ ዜሮዎቹን ቀድሞ ሲሰርዝ መቶ እጥፉን ሳያውቀው ከፍሎ ነበር፣ ከዚያ ሺህ እጥፉን እንደገና ከፈለ። ሁለት ጊዜ ነው የከፈለው።

ማስተማር ስጀምር እኔም ይህን አላስረዳም ነበር። «ቁጠሩና ነጥብ አድርጉ» ብዬ አልፍ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ነጥቡን ማን ነው የገፋው?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን መልስ አልነበረኝም። ሕጉን አውቃለሁ፣ ምክንያቱን ግን በደንብ ማስረዳት አልችልም። የብድሩን ነገር ያመጣሁት ለሷ ብዬ ነው፣ በማግስቱ።

ታሪክ ለሚወድ፣ ይህ የቤት ቆጠራ ዕድሜ ጠገብ ነው። ሲሞን ስቴቪን የሚባል የብሩዥ ተወላጅ፣ የሒሳብና የምህንድስና ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1585 ስለ አስርዮሽ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ በደች ቋንቋ አሳተመ። የመጀመሪያው እሱ አልነበረም፣ አል-ኡቅሊዲሲ በደማስቆ በ10ኛው ክፍለ ዘመን፣ አል-ካሺ በሳማርካንድ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአስርዮሽ ክፍልፋይ ሠርተዋል። ስቴቪን ደስ የሚለው አጻጻፉ ነው። እንደኛ ነጥብ አይጠቀምም። ከአሃዙ ጋር በትንሽ ክብ ውስጥ ቁጥር ይጽፋል፣ ለሙሉው ክፍል 0፣ ለአስረኛው 1፣ ለመቶኛው 2፣ እንዲህ እያለ። ለማባዛት የሰጠው ምሳሌ 32.57 በ89.46 ነው። ልክ እንደ ልጅሽ ምልክቶቹን ረስቶ 3257ን በ8946 ያባዛና 29137122 ያገኛል። ከዚያ የመጨረሻዎቹን ሁለት ምልክቶች ይደምራል፣ 2 እና 2፣ 4። ስለዚህ የመጨረሻው አሃዝ ምልክቱ 4 ነው፣ መልሱም በኛ አጻጻፍ 2913.7122። ነጥብ ሳይኖር ነጥብ ቆጠራ! ምልክቱ ራሱ አስረኛ ወይስ መቶኛ መሆኑን ስለሚነግርሽ ለምን እንደሚደመር ግልጽ ነው። እኛ ነጥቧን ስናመጣ ቦታ ቆጠብን፣ ግን ያቺ መረጃ ተደበቀች። በግምትም ሞክሪው፣ 32 በ90 2880 ነው፣ ስለዚህ 2913.7122 ካልሆነ ሌላ ሊሆን አይችልም።

ነጥብን በነጥብ ስር ማድረጉን እንየው። ስንደምር የምናደርገው አንድ ዓይነቱን ከአንድ ዓይነቱ ጋር ለመደመር ነው። አስረኛ ከአስረኛ ጋር፣ መቶኛ ከመቶኛ ጋር። ሦስት አስረኛና አራት መቶኛ ደምሮ ሰባት ማለት አይቻልም፣ ሰባት ምን? ስናባዛ ግን እያንዳንዱ የላይኛው አሃዝ ከእያንዳንዱ የታችኛው አሃዝ ጋር ይገናኛል። አስረኛው መቶኛውን ያገኛል፣ አንድ ቤቱ አስረኛውን ያገኛል፣ ሁሉም ሁሉንም። ስለዚህ ማን ከማን ስር እንደተቀመጠ ለውጥ አያመጣም። ወደ ቀኝ አስጠግተሽ እንደ ሙሉ ቁጥር ጻፊው፣ ይበቃል።

ነጥብ በነጥብ ስር ማድረግ ኃጢአት ነው ማለቴ ግን አይደለም። 2.50 እና 0.48 ብለሽ አሰልፈሽ ብታባዢ 250 በ48፣ 12000 ይመጣል፣ አራት ቤት ስትቆጥሪ 1.2000። ያው ነው፣ ትርፉ ድካም ብቻ። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ነጥቦቹ ተሰልፈው ሲያይ ልጁ እንደ መደመር ነጥቡን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ያወርደዋል። 1.2 በ0.4 ሲሠራ 12 በ4 48 ይልና ነጥቡን ከላይ እንዳለ አውርዶ 4.8 ይጽፋል። ከ1.2 ላይ ግማሽ እንኳ የማይሞላ ወስዶ 4.8 አገኘ! ትክክለኛው 0.48 ነው።

ከዚህ የባሰ አንድ ስህተት አለ፣ እስካሁን አላነሳሽውም ግን ይመጣልሻል። 4.5 በ2.3 ስጪው። ብዙ ልጅ ሙሉውን ከሙሉው፣ ከነጥብ በኋላ ያለውን ከነጥብ በኋላ ካለው ጋር ያባዛል። 4 በ2፣ 8። 5 በ3፣ 15። ስለዚህ 8.15። በጣም ያምራል፣ ግን ስህተት ነው። 4.5 በ2 ብቻ እንኳ 9 ነው፣ በ2.3 ሲባዛ እንዴት ከ9 ያንሳል? የጠፋው ምንድነው? 4 ከ0.3 ጋር አልተገናኘም፣ 1.2 ነበር። 0.5 ከ2 ጋር አልተገናኘም፣ 1 ነበር። አራቱንም ደምሪ፣ 8 ሲደመር 1.2 ሲደመር 1 ሲደመር 0.15፣ 10.35። በተለመደው መንገድ 45 በ23 1035 ነው፣ ሁለት ቤት፣ 10.35። ሁሉም ከሁሉም ጋር ይገናኛል ያልኩሽ ለዚህ ነው። ነጥቧ አጥር አይደለችም፣ ቁጥሩን ሁለት ቦታ አትከፍለውም። 4.5 አንድ ቁጥር ነው፣ አርባ አምስት አስረኛ።

ቤት ሲያንስስ? 0.07 በ0.6። 7 በ6፣ 42። ሦስት ቤት ቁጠሪ፣ ግን ያለው ሁለት አሃዝ ነው። እዚህ ላይ ልጆች ግራ ይገባቸውና 0.42 ብለው ይገላገላሉ። የጎደለው ቤት በዜሮ ይሞላል፣ በግራ በኩል፦ 0.042። የት ጋ እንደሚጨመር ከጠፋው ብድሩን አስታውሺው፣ 42 ለ1000 ሲካፈል አርባ ሁለት ሺህኛ ነው። ወይም ይገምት፣ ከ0.07 ላይ ከግማሽ ትንሽ የሚበልጥ ቢወስድ 0.04 አካባቢ ነው። 0.42 ከ0.07 ስድስት እጥፍ ይበልጣል፣ አይሆንም።

በ10፣ በ100 ማባዛት ላይ ብዙ አልቆይም፣ አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ልጁ በ10 ሲያባዛ «ዜሮ ጨምርበት» ተብሎ ተምሮ ከሆነ ያ ሕግ እዚህ ይሞታል። 2.5 ላይ ዜሮ ቢጨምር 2.50 ነው፣ ምንም አልተባዛም። አሃዞቹ አንድ አንድ ቤት ወደ ግራ ከፍ ይላሉ፣ ሁለቱ አስር ቤት ይገባል፣ አምስቱ አንድ ቤት ይገባል፣ 25 ይሆናል። በ0.1 ሲያባዛ በተቃራኒው ይወርዳሉ፣ ለ10 እንደማካፈል ማለት ነው።

ልጁ ሜትርና ሴንቲ ሜትር የሚያውቅ ከሆነ ሌላ ማረጋገጫ አለሽ። 0.6 ሜትር በ0.4 ሜትር የሆነ ጠረጴዛ ስፋቱ ስንት ነው? በአስርዮሽ 0.24 ካሬ ሜትር። አሁን ነጥቡን ሽሽት በሴንቲ ሜትር ይሥራው፣ 60 በ40፣ 2400 ካሬ ሴንቲ ሜትር። አንድ ካሬ ሜትር 10,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፣ መቶ በመቶ። 2400 ለ10,000 ሲካፈል 0.24። ነጥብ ያለበትም የሌለበትም መንገድ አንድ ቦታ አደረሰን። ለተጠራጣሪ ልጅ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ስለ ካልኩሌተር፦ አትከልክይው፣ ግን ግምቱን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ይንካው። ነጥቧን ሳይጫን ቢያልፍ ካልኩሌተሩ አያውቅለትም፣ 25 በ48 ብሎ 1200 ይሰጠዋል፣ ያለ እፍረት። ወደ ፊት የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ሲጀምር ደግሞ 0.1ን በ3 አባዝቶ 0.30000000000000004 የሚል ነገር ሊያይ ይችላል። እንዳይደነግጥ። ኮምፒውተር ቁጥር የሚጽፈው በ0 እና በ1 ብቻ ስለሆነ 0.1ን በትክክል መያዝ አይችልም፣ በጣም የሚቀርበውን ነው የሚይዘው። ሒሳቡ አልተበላሸም። ቪዲዮ ላይ የሚያጠና ከሆነም ፈረንሳይና ጀርመንን በመሳሰሉ አገሮች በነጥቡ ፋንታ ኮማ ይጽፋሉ፣ 2,5 ቢያይ ሁለት ነጥብ አምስት ነው።

አሁን ምን ያጥና? ሃያ ጥያቄ ደርድረሽ አታሠቃዪው። አንድ ነገር ብቻ ስጪው፦ 36 በ24፣ 864 ነው። ይህን ጻፊለትና ከእንግዲህ ማባዛት ክልክል ነው በይው። ከዚያ እነዚህን ይመልስ፦ 3.6 በ2.4፣ 3.6 በ0.24፣ 0.36 በ24፣ 0.36 በ240፣ 0.036 በ0.24። እያንዳንዱን መጀመሪያ ይገምት፣ ቀጥሎ ይቁጠር። መልሶቹ በቅደም ተከተል 8.64፣ 0.864፣ 8.64፣ 86.4፣ 0.00864 ናቸው፣ ለአንቺ ነው የጻፍኩት፣ አታሳዪው። የመጀመሪያውና ሦስተኛው አንድ መሆናቸውን ራሱ ካየ ለምን እንደሆነ ጠይቂው። አንዱ አስር እጥፍ ሲያንስ ሌላው አስር እጥፍ በዝቷል፣ ተካካሱ። ይህ ከገባው 0.05 በ60 ሲመጣበት 0.5 በ6 አድርጎ በቃሉ 3 ይልሻል።

አራተኛው ላይ ተጠንቀቂ። 36 በ240፣ 8640 ነው፣ ሁለት ቤት ሲቆጠር 86.40። ዜሮዋን ቀድሞ ከሰረዘ 8.64 ይልሻል፣ ያቺው የድሮዋ ስህተት። ካለሽ አርሚው አልልሽም፣ «ከ240 ላይ ከሲሶ ትንሽ የሚበልጥ ብትወስድ ስንት ይሆናል?» ብለሽ ጠይቂውና ዝም በይ።

ይህን ሁሉ ከመለሰ የመጨረሻዋን ስጪው፦ ተባዝተው 0.6 የሚሰጡ ሁለት ቁጥሮች ፈልግ፣ አንዱ ግን ከ1 የሚበልጥ ይሁን። ብዙ መልስ አላት። ካመጣው ውስጥ ያልጠበቅሽው ካለ ጻፊልኝ፣ እኔም ለተማሪዎቼ እሰጣታለሁ።